«ሃቭ» የት ይግባ፣ የት ይቅር? ማመልከቻዋ ሰኞ ለሚዘጋባት እህቴ

ከባሕር ዳር የላክሽልኝን ደብዳቤ ከነማመልከቻሽ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተመረቀች ናት። ላለፉት ሦስት ዓመታት በጣና ዳርቻ እምቦጭ የያዘውን ስፋት ለሚለካ ፕሮጀክት በኮንትራት መረጃ ትሰበስባለች። አሁን አንድ ድርጅት ያወጣውን የፊልድ ኦፊሰር ሥራ ልትወዳደር ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው። ፔዳ አካባቢ ካለ ኮፒ ቤት ናሙና ወስዳ ሞላችው። «ሃቭ» በሚለው ረዳት ግሥ ላይ ግን ጓደኞቿ አልተስማሙም። አንዷ ጓደኛዋ «ሃቭ አብዢበት፣ እንግሊዝኛው ከበድ ይላል» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ «ሃቭ የክላስ ነገር ነው፣ ሁሉንም በሲምፕል ፓስት ጽፈሽ ተገላገዪ» አለቻት። ሲምፕል ፓስት ያለ «ሃቭ» የሚቆመው ተራው ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው። የማንን ልስማ ትላለች።

የሁለቱንም አትስሚ። «ሃቭ» እንግሊዝኛን አያከብደውም፣ አያቀለውምም። ሥራው ሌላ ነው። ነገሩ ድሮ ተዘግቶ የቀረ ነው ወይስ እስከ ዛሬ የሚደርስ? ለአንባቢው ይህን ይነግረዋል። ቀጣሪ ደግሞ ስለ አንቺ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አሁንም እዚያ ትሠሪያለሽ? ወይስ ለቀሻል? አንዳንዴ መልሱን የሚያገኘው ከግሡ ብቻ ነው።

ስህተቶችሽን አንድ በአንድ ሳያቸው ምንጫቸው ስንፍና አይደለም። አማርኛሽ ነው። በአማርኛ ትክክል የሆነውን እንዳለ አሻግረሽዋል። ይህን ካወቅሽ ማረሙ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን 2014» ይላል። በአማርኛ «በ2014 ተመርቄያለሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም። «ትናንት መጥቻለሁ» ማለትም እንችላለን። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ «ሃቭ»ን አይቀበልም። ትናንት፣ ባለፈው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. ካልሽ ሲምፕል ፓስት ብቻ ነው። ስለዚህ «አይ ግራጁዌትድ» ብለሽ ጀምሪ።

እዚያው ላይ ከሰዋስውም የባሰ ነገር አለ። 2014 የኛ አቆጣጠር ነው! የተመረቅሽው በሐምሌ 2014 ከሆነ ለፈረንጁ ጁላይ 2022 ነው። ማመልከቻሽን የሚያነበው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ዝቅ ብለሽ «ሲንስ 2015» ብለሻል። በጥቅምት 2015 የጀመርሽው ሥራ በእነሱ ኦክቶበር 2022 ነው። አንባቢው ግን ሰባት ዓመት ጨምሮ ይቆጥርልሻል። ከዚያ የኮንትራት ደብዳቤሽን ሲያይ ልምድ ያጋነንሽ ይመስለዋል። ሳትዋሺ ውሸታም እንድትመስዪ አልፈልግም። በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ላይ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ ቀይሪ።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ልሂድ። «አይ አም ወርኪንግ ኢን ዚስ ፕሮጀክት ሲንስ 2015» ብለሻል። ይህም ቀጥታ ከአማርኛ የመጣ ነው። «ከ2015 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» እንላለን፣ ግሡ የአሁን ነው። እንግሊዝኛ ግን ድሮ ተጀምሮ ዛሬም ያልቆመ ነገር ሲሆን «ሃቭ»ን ይፈልጋል። «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ኦን ዚስ ፕሮጀክት ሲንስ ኦክቶበር 2022» በይ። «ሲንስ» መነሻውን ይይዛል። «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን ይይዛል፣ «ፎር ስሪ ይርስ» እንደማለት። «ሲንስ ስሪ ይርስ» ግን አይባልም።

የሁለተኛዋ ጓደኛሽ ምክር የሚጎዳሽ እዚህ ላይ ነው። እሷ እንዳለችው «አይ ወርክድ ፎር ስሪ ይርስ» ብትዪ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። መልእክቱ ግን ሌላ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሠርታ ለቃለች፣ አሁን ሥራ የላትም ማለት ነው። ሥራ ላይ እያለሽ ራስሽን ሥራ አጥ አድርገሽ አቀረብሽ።

ሦስተኛው ጉዳይ «ነበር» ነው። ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፣ እንደዚህ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት የለም። አንቺም «አይ ሃድ ከም ቱ ዩር ኦፊስ ላስት ዊክ» ብለሻል። በልብሽ ያለው «ባለፈው ሳምንት ቢሯችሁ መጥቼ ነበር» የሚለው ነው። የኛ «ነበር» ብቻውን ይቆማል፣ ያለፈን ነገር ለማንሳት ብቻ እንናገረዋለን። የእንግሊዝኛው «ሃድ» ግን ብቻውን መቆም አይወድም። ሁለት ያለፉ ነገሮች ይፈልጋል፤ ራሱም የቀደመውን ያመለክታል። ሌላ ክስተት ሳትጠሪ «ሃድ ከም» ካልሽ አንባቢው «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠብቃል። አንቺን የሚያስፈልግሽ «አይ ኬም» ነው፣ አለቀ።

«ሃድ» ቦታውን ሲያገኝ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር ተመልከቺ። ከራስሽ ሥራ ልውሰድ። ጎርጎራ ስትደርሱ ነፋሱ እምቦጩን አስቀድሞ ወደ ዳር ገፍቶት ነበር እንበል። «ዌን ዊ ሪችድ ጎርጎራ፣ ዘ ዊንድ ሃድ ፑሽድ ዘ ዊድ ቱ ዘ ሾር» ትያለሽ። መግፋቱ ቀደመ፣ መድረሳችሁ ተከተለ። «ሃድ»ን አውጥተሽ «ፑሽድ» ብቻ ብትዪ እናንተ ከደረሳችሁ በኋላ የገፋው ይመስላል። ለመስክ ሪፖርት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የለካችሁት ስፋት በዚያ ይወሰናልና። «ቢፎር» ወይም «አፍተር» ካለበት ግን ቅደም ተከተሉ ስለታወቀ ሲምፕል ፓስት ይበቃል። «ሃድ»ን በየመስመሩ አትበትኚው።

አማርኛ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለቴ ግን አይደለም። የሚረዳበትም አለ። «በታንኳ ሄጄ አውቃለሁ»፣ «ገበሬ አሠልጥኜ አውቃለሁ» እንላለን። መቼ እንደሆነ አንናገርም፣ ልምዱ እንዳለን ብቻ እንገልጻለን። ይህ «አውቃለሁ» የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ማለትም «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ያለበት የግሥ ቅርጽ፣ ወንድም ነው። በአማርኛ «አውቃለሁ» የሚስማማው ከሆነ በእንግሊዝኛም «ሃቭ» አብዛኛውን ጊዜ ይስማማዋል። «አይ ሃቭ ትሬይንድ ፋርመርስ» ብለሽ ክፈቺ። ከዚያ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው የሚለውን ስትዘረዝሪ ወደ ሲምፕል ፓስት ውረጂ። «ኢን 2023 አይ ትሬይንድ…» እያልሽ ቀጥዪ። ጥሩ ማመልከቻ የሚፈሰው እንዲህ ነው፤ በሰፊው በ«ሃቭ» ይከፈትና በተወሰነ ጊዜ ይዘረዘራል።

ከማመልከቻው ጋር የናሙና ሪፖርት እንደምታያይዢ ጽፈሻል። እዚያም ያው ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ2011 ነው፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው። ዓመቱ ስለተጠራ «ዋዝ ሪፖርትድ» ይሁን። ከዚያ ወዲህ መስፋፋቱ ግን ዛሬም የሚያሳስበን ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ሃዝ ስፕሬድ» ይሁን። ሌሎች ያጠኑትን በጥቅሉ ስታነሺ «ስተዲስ ሃቭ ሾውን» ትያለሽ። እናንተ የለካችሁበትን መንገድ ስትገልጪ ግን «ዊ መዠርድ» ነው፣ ምክንያቱም ያ ሥራ ተሠርቶ አልቋል።

ጥቃቅኖቹን ላንሳና ልለፍ። «ሃዝ ጎን ቱ ዘጌ» ማለት ሄዷል፣ ገና አልተመለሰም ማለት ነው። «ሃዝ ቢን ቱ ዘጌ» ደግሞ ሄዶ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ጎብኝተሽ የመጣሻቸውን ወረዳዎች በ«ቢን» ጻፊ። በመደበኛ ማመልከቻ «አይቭ» ብለሽ አታሳጥሪ፣ «አይ ሃቭ» በይ። አሜሪካኖች «ጀስት» እና «ኦልሬዲ» ባለበት ሲምፕል ፓስት ሲጠቀሙ ብታዪ አትደናገጪ፣ በእነሱ ዘንድ ትክክል ነው። የማስተርስ ትምህርትሽን በተመለከተ «ባይ ጁን አይ ዊል ሃቭ ኮምፕሊትድ» ያልሽው ጥሩ ነው፣ አትንኪው። ሰኔ ሲመጣ ያለቀ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስት ዓመት ጭቃ ውስጥ ገብተሽ የለካሽው ሥራ በሁለት ግሥ ምክንያት ተድበስብሶ እንዲቀር አልፈልግም። አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ማመልከቻውን አትሚውና «ሃቭ»፣ «ሃዝ» እና «ሃድ» ያለባቸውን ሁሉ በእርሳስ አክብቢ። «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» አጠገብ ያለቀ ጊዜ ካየሽ ሰርዢው። «ሃድ» አጠገብ ሌላ ያለፈ ነገር ካጣሽም ሰርዢው። «ሲንስ» ባለበት ደግሞ «ሃቭ» መኖሩንና ዓመቱ መቀየሩን እዪ። የታረመውን እስከ ቅዳሜ ማታ ላኪልኝ። እሑድ ከሰዓት አንብቤ እመልስልሻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ታስገቢዋለሽ።