«ሽማግሌ አይታረምም» አሉኝ

ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቀን በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ሕግ እማራለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ፤ ዘንድሮ የቤተሰብ ሕግ እየተማርን ነው። ሌሎቹን ትምህርቶች ለፈተና አጠናኋቸው፤ ይህን ግን የማነበው ቤታችንን እያየሁ ነው።

ታላቅ እህቴ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጇ የተገዛችው እህቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች በጣለችው እቁብ ነው፤ ዕጣው ሲወጣላት ብሩን የቆጠርኩት እኔው ነኝ። ሊብሬው ግን በእሱ ስም ነው። ከተጣሉ ወዲህ «አባቴ ከሐረር በሰጠኝ ብር ነው የገዛኋት» ማለት ጀምሯል። እህቴ ልጆቿን ይዛ እናታችን ቤት ከገባች አራት ወር ሆናት።

ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ በረድ ሲል። በእኛ በኩል ትልቁ አጎታችንና ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን፣ በእሱ በኩል ከሐረር የመጡ ሁለት ዘመዶቹ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ከካሬ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ስምምነት ተጻፈ። እህቴ በሳምንት ውስጥ ቤቷ ትመለሳለች፤ ባጃጇ የባልየው ናት፤ ዳግመኛ አኩርፋ ከወጣች «እንደ አመጣጧ ትሄዳለች»። ፊርማው ለሚመጣው እሑድ ተቀጠረ። ወረቀቱን ሳየው አላስቻለኝም። ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር ሰረዝኩ፤ ጠርዙ ላይም «የጋራ ሀብት» ብዬ ጻፍኩበት። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ተመለከቱኝና «ሽማግሌ አይታረምም» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የባልየው ወገኖች እኔን «ትዳሩን የምታፈርሰው እሷ ናት» እያሉኝ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ እናቴ «ሕግ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጪ» ትለኛለች።

ሽማግሌዎቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ጠቡ የገንዘብ ብቻ ይመስላቸዋል። እህቴ በመጣች ማግስት ፀጉሯን ሳጥባት ከጆሮዋ ኋላ እስከ ትከሻዋ የወረደ ሰንበር አይቻለሁ። «ለማንም ብትናገሪ እህቴ አይደለሽም» ብላ አስምላኛለች።

ልቀመጥ ወይስ ልቅር? ደግሞም የመመረቂያ ጽሑፌን በቤተሰብ ሽምግልና ላይ ልሠራ አስቤ፣ የእህቴን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ልወስደው ነበር። ምን ይሉኛል?

ልጅዎ፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ላይ ስደርስ ስቄያለሁ፤ አትቀየሚኝ። የሰረዝሽው መስመር መሰረዝ የሚገባው ነው። ግን አጎትሽን በሰው ፊት እንደ ተማሪ አረምሻቸው፤ እሳቸውም እንደ አጎት መለሱልሽ።

እሑድ አትቀመጪ። እኔ አንድ ጊዜ ለእህቴ ልጅ ሽምግልና ተቀምጬ ነበር። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ሁለቱንም እኩል የማዳምጥ መስሎኝ ነበር። ባልየው ስለ ቤት ወጪ ሲናገር ሳላስበው «ውሸትህን ነው» አልኩ። የእሱ ሰዎች ቶናው ሳይቀዳ ተነሥተው ሄዱ፤ ልጅቷም ያን ዕለት ያጣችውን ሽምግልና መልሳ አላገኘችውም። አስታራቂ የሚታመነው «የማን ወገን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሲጠፋ ነው። ያንቺ መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፤ የእቁቡን ብር የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። ምስክር ነሽ እኮ! ምስክር ደግሞ ከሽማግሌ ጋር በአንድ አግዳሚ አይቀመጥም። ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው፤ «እኔ ከእህቴ ጎን ነኝ፣ ለሽምግልናው ሌላ ሰው ፈልጉ» በያቸው። ይከፋቸው ይሆናል፤ ግድ የለም።

ሰንበሩን ካነበብኩ ወዲህ ግን የቀረው የደብዳቤሽ ነገር ሁሉ አነሰብኝ። እነዚያ አራት ሰዎች የሚያስታርቁት የማያውቁትን ጠብ ነው። «በሳምንት ውስጥ ትመለስ» ብለው የጻፉት ወደ ምን እንደምትመለስ ሳያውቁ ነው። ቢያውቁ አጎትሽ ያን መስመር በገዛ እጃቸው ይሰርዙት ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን «ባልና ሚስት ይጋጫል» ብለው የሚያልፉትም ሞልተዋልና እርግጠኛ አይደለሁም። ለማንኛውም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል ብሎታል፤ አንቀጽ 564ን አውጥተሽ አንብቢው። መሐላሽን ከጀርባዋ አታፍርሺ። ልጆቹ በሌሉበት ጓዳ ገብታችሁ «እሑድ ከመድረሱ በፊት ይህን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይኑር፤ ማንን ታምኛለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ጡረተኛው ጎረቤታችሁ ሳይሻሉ አይቀሩም። ለማንም አልናገርም ካለች ቢያንስ አትፈርም፣ አትመለስም። ዳግም እጁን ካነሣባት፣ ወይም ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካየሽ፣ ያኔ መሐላ አይያዝሽ፤ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ፣ ከዚያም ፖሊስ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ይህን ከእኔ ይልቅ መምህሮችሽ ያውቁታል፤ ለአጎትሽ በሚገባ ቋንቋ ልበለው ብዬ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነውና። ከሐረር የመጡት ዘመዶች «እኛ ዘንድ ሌላ ነው» ቢሉ የሐረሪ ክልል በእርግጥም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ቤቱም ጠቡም ያለው ግን ድሬዳዋ ነው። የሃይማኖታችሁን ነገር አልጻፍሽልኝም። ሙስሊም ከሆናችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ እሱ የሚዳኘው ግን ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ ነው፤ አንዱ ሌላውን ጎትቶ አይወስደውም።

በአዋጁ መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ስለዚህ እህትሽ ብትፈርም እንኳ «እንደ አመጣጧ» የሚለው ቃል በሕግ ፊት ባዶ ነው። ይህ ግን አያዘናጋሽ። በሕግ ባዶ የሆነ ወረቀት በሰው አፍ ላይ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ «ፈርሜያለሁ እኮ» እያለች መብቷን ሳትጠይቅ የቀረች ሴት ስንት አይቻለሁ። ባጃጇም በአንዱ ስም ብትመዘገብ፣ የግሉ መሆኗን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ናት። ስጦታ የግል ሀብት ስለሚሆን ነው «አባቴ ሰጠኝ» ማለት ያመጣው። አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው መክሮታል፤ ሰፈሩ ውስጥ የሕግ ተማሪ አንቺ ብቻ አይደለሽም ማለት ነው።

አጎትሽን ግን አትናቂያቸው። እሳቸው ጎልማሳ በነበሩበት ዘመን ይሠራ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ንብረትም ያካፍሉ ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለውንም ከድርሻው ይቀንሱበት ነበር። ለሳቸው «ሽማግሌ አይታረምም» ትምክህት አይደለም፤ ድሮ የነበራቸው ሥልጣን ነው። የ1992ቱ አዋጅ ፍቺውን ወደ ዳኛ ወሰደው፣ ማስታረቁን ለሽማግሌ ተወለት። እህትሽ ነገ የፍቺ አቤቱታ ብታቀርብ ዳኛው መጀመሪያ ሁለቱንም ያነጋግራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ያደርጋል፤ ያም ካልሆነ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። የልጆቹ ቀለብ ግን ያን ሁሉ አይጠብቅም፤ አቤቱታው እንደቀረበ ትእዛዝ ይሰጥበታል። ይህን ለአጎትሽ ስትነግሪያቸው «ሥልጣንዎ ተነጠቀ» አትበያቸው፤ «ሕጉ አሁንም ወደ እርስዎ ይልከናል» በያቸው፤ እውነትም ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ ተቆጥቻለሁ። እህትሽ ለሽማግሌ እንኳ ያልገለጠችውን ገመና ለፈታኞችሽ ልታነቢ ነው? ተይው። ጥሩ ጥያቄ ከፈለግሽ ይኸውልሽ፦ ሽማግሌዎች «አልተስማሙም» ብለው ለፍርድ ቤት ሪፖርት ሲያቀርቡ በውስጡ ምን ይጻፋል? ምንስ ሳይጻፍ ይቀራል? ሰንበሩ የሚጠፋው እዚያ መሐል ነው። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. የወጡትን ሁለት አዋጆች ጎን ለጎን አንብቢ፤ 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል፣ 1237 ደግሞ ፍቺ በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ ከልክሏል። አስማሚ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው እንዲስማሙ ያግዛል፣ የግልግል ዳኛ ግን ፍርድ ይሰጣል፤ ከሽማግሌ ጋር አትቀላቅዪያቸው። አስማሚ መሆን ካማረሽ ደግሞ ብሩን ያልቆጠርሽበት ቤት ሞልቶልሻል።

አሁን ግን ከመጽሐፉ ቀና በዪና ከእሑድ በፊት የእቁቡን ጸሐፊ ፈልጊ። ደብተሩ ላይ የእህትሽ ስም፣ ዕጣው የወጣበት ቀንና የብሩ መጠን ይኖራል፤ ባጃጇ ከተገዛችበት ቀን ጋር አስተያዪው፣ ፎቶ አንሥተሽም አስቀምጪ። ደብተሩን ግን ቀይ እስክሪብቶ አታስነኪው።