ባቡሩ ለምን ለገሃር አይገባም?

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ «የጅቡቲው ባቡር ለምን እዚህ ለገሃር አይገባም?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የቆመው መሃል ከተማ፣ ለገሃር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ሆነ። ሲጠየቁ ብዙ ባለሙያዎች ወደ ለገሃር የሚያስገባውን የሐዲድ ኩርባ ያመካኛሉ። እስቲ ኩርባው ላይ የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው በስንት ሚሊሜትር ከፍ ማለት እንዳለበት አስሉት፦ 11.8 ሲባዛ የፍጥነት (በሰዓት ኪሎሜትር) ካሬ፣ ለኩርባው ራዲየስ (በሜትር) ሲካፈል። ራዲየሱ 300 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 120 ኪሎሜትር ለመሮጥ ወደ 566 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የማይሆን ነው። ጣቢያ ሊገባ ወደ 60 ያቀዘቀዘ ባቡር ግን 142 ይበቃዋል። ኩርባው ሰበብ ነው። ከባዱ ወሰን ማስከበሩ ነው፤ ለ25 ኪሎቮልት ሽቦ የሚሆን ከፍታና ርቀት ከቤትና ከድልድይ መሃል ማስለቀቅ። ተሳፋሪው ያንን ወጪ ዛሬም በታክሲ ይከፍላል። (ያም ሆኖ፣ የጭነቱን ባቡር ማን መሃል ከተማ ያስገባ ቢሉኝ እኔም ለቡን እመርጥ ነበር።)

የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩ ላይ ጎበዞች ናችሁ፤ መስመሩን በእግር መሄድ ግን ትጠላላችሁ። ለመስመሩ የሚለቀቀው መሬት ስፋት የሚሳሳተው እዚያ ነው። አናቱ 7 ሜትር የሆነ ነጠላ መስመር 6 ሜትር ሙሌት ላይ ቢቀመጥ፣ ተዳፋቱ 1 ለ1.5 ከሆነ (1 ሜትር ሲወርድ በየጎኑ 1.5 ሜትር የሚሰፋ) ግርጌው 25 ሜትር ይሆናል። የውሃ መፋሰሻውና የጥገና መንገዱ ገና አልተጨመሩም። ሰብስቴሽኑም (ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ጣቢያ) ከአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል የሚያመጣለት የራሱ ኮሪደር አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ሐዲዱ አልቆ ምሰሶ መትከያ ይጠፋል።

ከመሬቱ ለሚነሳ ሰው የሚከፈለውን ካሳ አዋጁ ላይ አንብቡ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር፤ 1161/2011 ሲወጣ ለዘለቄታው ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 አደረገው። በኋላ የወጣውን ማሻሻያም እዩ። የገበሬው የምርት መረጃ የመነሻ ትዕዛዙ ከመድረሱ በፊት ካልተሰበሰበ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ከብት ሐዲዱን የሚሻገርበትን የማሳለፊያ ቦታ ካርታ ላይ አትምረጡ። እረኞቹን በበጋም በክረምትም ጠይቁ፤ ወደ ውሃ የሚወርዱበት መንገድ ይለያያል። ማሳለፊያው አንድ ኪሎሜትር ከራቀ የሐዲዱን አጥር ቆርጠው ያልፋሉ።