የድንጋይ ካባችን ግድግዳ ስንጥቅ እየሰፋ ነው፣ ፈንጂውን በግማሽ ልቀንስ? (መልስ)

መጀመሪያ የምትቀንሰው ጠቅላላውን ፈንጂ ሳይሆን በአንድ ዲላይ (ፈንጂው በተራ እንዲፈነዳ በሚሰጠው የመዘግየት ጊዜ) አብሮ የሚፈነዳውን ነው። ግድግዳውን የሚንጠው እሱ ነው።

ርቀቱን በሜትር ያዝና ለአንድ ዲላይ በሚደርሰው ኪሎ ስኩዌር ሩት አካፍለው። ግድግዳው 50 ሜትር ርቆ 100 ኪሎ አንዴ ብታፈነዳ 5 ይመጣል። 25 ኪሎ ብታደርገው 10፤ ቁጥሩ ሲጨምር ንዝረቱ ይቀንሳል። ይሄኔ ንዝረቱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ እንደ ድንጋዩ ይለያያል እንጂ።

1. ፈንጂ የሚሞላባቸውን ጉድጓዶች በዲላይ ለያያቸው፤ ቢያንስ የ8 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይኑራቸው።
2. ለግድግዳው የቀረበውን ረድፍ ቀለል አድርገህ ሙላ።
3. የቀደመውን ፍርስራሽ ከፊት አንሳ። ድንጋዩ መውጫ ካጣ ጋዙም ኃይሉም ወደ ኋላ ይገፋል። ከጫፉ ጀርባ ያየኸው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ዝናብ። አንድ የድንጋይ ካባ ላይ ስሠራ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ብረት ቸክለን ጠዋት ጠዋት በሜትር እንለካ ነበር። ክረምት ላይ ፍንዳታ በሌለበት ቀንም ሰፋ። ለካ ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ያን ቀን ዲላይ ምናምን አላልንም፤ ሰውና ኤክስካቫተሩን ከሥሩ አወጣን፣ ከላይ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን።