ላፕቶፑን ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን አየሁት። ላፕቶፑ ከጂዳ የተላከልሽ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ዓረብኛ ነበር። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀየርሽው። አሁን ሜኑው አማርኛ ሆኗል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ግን የደንበኞችሽን ስም በሙሉ ???? አድርጎ ያሳያል። ቀኑም መስከረም ማለት ሲገባው ሴፕቴምበር ይላል። «ባለሙያው ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ላስደርገው?» ብለሻል።

አታስደርጊው። አብሽሪ፣ እኔም እዚህ ደሴ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። ፎርማት የሚልሽ ችግሩ ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ነው።

1ኛ. ዊንዶውስ ላይ የቋንቋ ነገር በአንድ ቦታ አያልቅም። አንቺ የቀየርሽው ሜኑው የሚታይበትን ነው። የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ሌላ ነው። ኪቦርዱም ሌላ። ሁሉም ሰው የሚረሳው አራተኛው ደግሞ ሲስተም ሎኬል ይባላል። የድሮ ፕሮግራሞች ፊደልን በየትኛው ኮድ እንደሚያነቡ የሚወስነው እሱ ነው። ያንቺ አሁንም ዓረብኛ ላይ እንደቆመ እወራረዳለሁ። ኮንትሮል ፓናል፣ ሪጅን፣ ከዚያ አድሚኒስትሬቲቭ የሚለውን ታብ ክፈቺ፤ እዚያ ታገኚዋለሽ።

2ኛ. እዚያ ገብቼ አማርኛ ብመርጥ ያልቃል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ዓረብኛ 1256፣ የራሽያ ፊደል ደግሞ 1251 የሚባል የድሮ የዊንዶውስ ኮድ አላቸው። የኛ ፊደል እንዲህ ያለ ኮድ ኖሮት አያውቅም። የዓለምን ፊደል ሁሉ ባንድ ላይ የሚይዘው ኮድ ዩኒኮድ ይባላል። የኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቀውም በዚያ ነው። ስለዚህ ዩኒኮድ የማያውቅ ፕሮግራም አማርኛ ሲመጣበት የጥያቄ ምልክት ይጽፋል። እዚያው ታብ ላይ ቼንጅ ሲስተም ሎኬል የሚለውን ስትጫኚ በሚመጣው መስኮት፣ ዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ ፋይል ላይ የሚጻፍበት መንገድ ነው) የምትል፣ «ቤታ» የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት አድርጊባትና ሪስታርት አድርጊው። አንዳንዱን ፕሮግራም ታድናለች። እኔ ጋ አንዱን አዳነችና አንድ የድሮ የዕቃ መመዝገቢያ አመሰቃቀለችብኝ። ምልክቱን ሳነሳው ተመለሰ። መሞከሩ አይጎዳም። ግን እየሞከርሽ ምንም ነገር ሴቭ እንዳታደርጊ!

3ኛ. ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። የሰፈራችንን የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። 412 አባላት አሉን። ከጸሐፊያችን ደብተር ወደ ኤክሴል ሳስገባ አንድ ክረምት ሙሉ ማታ ማታ አለቀብኝ። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። ጋቢ ተከናንቤ፣ ጣቴ እየደነዘዘ ነው የጻፍኩት። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን «በሲኤስቪ አምጡ» አለን፤ ሠንጠረዡ በነጠላ ሰረዝ ተለያይቶ ተራ ጽሑፍ ሆኖ የሚቀመጥበት ፋይል ነው። እኔም ሴቭ አዝ ብዬ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሲኤስቪ መረጥኩ። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ በአማርኛ ቁጭ ብለዋል፣ አንድም አልጎደለም። ሁለት ፋይል እንዳያምታታኝ ብዬ የፊተኛውን የኤክሴል ፋይል ከፍላሹም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት። ያውም ሺፍት ይዤ። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ!

ለካስ ኤክሴል ፋይሉን እስክትዘጊው ድረስ የሚያሳይሽ ሚሞሪው ላይ ያለውን ነው። የተቀመጠው ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ፣ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፍላሹን ሰካና ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ከላይ እስከ ታች ???? ብቻ። «ሰዎቻችሁ ስም የላቸውም?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ማታ ደህና ነበር ብለው፣ «አስተካክላችሁ ኑ። ቀጣይ!» አለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሲኤስቪ አምጡ ያሉት እነሱ ናቸው። የትኛውን ሲኤስቪ እንደሆነ አንድ ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ወላሂ፣ እስካሁን በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ቤቴ ተመልሼ ልክ አንቺ እንዳደረግሽው ቋንቋውን ስገለባብጥ ዋልኩ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ መልሶ አማርኛ። ምንም። ከዚያ አንድ ባለሙያ 500 ብር ተቀብሎ ፎርማት አደረገልኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ መጣ። ስሞቹ ግን ፍላሹ ላይ እንዳሉ ???? ናቸው። የልጆቼ ፎቶ አብሮ ጠፋ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሲኤስቪው ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ ጀርባ የተደበቀ አማርኛ የለም። ኤክሴል እያንዳንዱን ፊደል ጥሎ በቦታው የጥያቄ ምልክት ጽፏል። ሰይድም ??? ነው፣ ይማምም ??? ነው። ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል? ምንም ሴቲንግ ይህን አይመልስም። ጸሐፊያችን ጋሼ ደብተራቸውን ጥለውት ቢሆን ኖሮ ቅሬው ስም አልባ ይቀር ነበር። ኮምፒውተር ካለ ደብተሩ ምን ያደርጋል ያልኳቸው ደግሞ እኔው ነበርኩ። ደብተሩን ሲሰጡኝ «ይኸው፣ ይሄ ጥያቄ አይጠይቅም» አሉኝ። እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ጊዜ ፈጠነልኝ። ሙሐመድን በሦስት ዓይነት ሐ ጽፌው እንደነበርም ያኔ ነው ያየሁት። ለኮምፒውተር ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ በአንዱ ስትፈልጊ ሌላውን አያገኝልሽም።

በሁለተኛው ዙር ከሴቭ አዝ ዝርዝር ውስጥ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን መረጥኩ። አዲሶቹ ኤክሴሎች ላይ አለ። ዘግቼ ከፈትኩት፤ አማርኛ ነው። የኤክሴሉንም ፋይል በዚህኛው ዙር አላጠፋሁትም፣ እንዳለ አለ። መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ ቃል ተቀበለኝ። ያ ልጅ ይቅርታም አላለ። አሁን የሁለት ሰፈር ቅሬዎች ዝርዝራቸውን እኔ ጋ ያመጣሉ፤ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልም።

ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ፋይል ኮፒ አድርጊና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው። እዚያ አማርኛ ከታየሽ ዳታሽ በሕይወት አለ። ያኔ ወደ ሲስተም ሎኬሉ ተመለሺ።

ስለ ቀኑ፦ የዊንዶውስ አማርኛ መስከረምን አያውቅም። የፈረንጁን ወር በኛ ፊደል ይጽፍልሻል፣ በቃ። እኔ ጋ ከሳዑዲ የመጣው ላፕቶፕ ሲከፈት ቀኑን በሂጅራ ነበር የሚቆጥረው። እናቴ ረመዷንን የሚያውቅ ኮምፒውተር አየሁ ብላ ስትደሰት ቀየርኩባት። ግን ብልጥ ሆነሽ የኮምፒውተሩን ዓመት በኛ አቆጣጠር እንዳታስገቢ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ ድረ ገጾች ደህንነቱ አልተረጋገጠም እያሉ አይከፈቱልሽም። ሰዓቱን ናይሮቢ ላይ አድርጊው፤ አዲስ አበባ የሚል ብትፈልጊ አታገኚም። ኤክሴል ላይ የኛን ቀን የምትጽፊበትን ዓምድ ቀድመሽ ቴክስት አድርጊው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብለሽ ብትጽፊ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ቀን ነው ብሎ አይቀበልሽም። ጥቅምት 5ን ግን ፌብሩዋሪ 5 ብሎ ዝም ይላል፤ የሚያበሳጨው እሱ ነው። ጳጉሜንማ ተይው፣ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም።

4ኛ የምለው ነበረኝ፣ ስለ ቪዥዋል ግዕዝ፤ በራሱ ፎንት አማርኛ የሚጻፍበት የድሮ ፕሮግራም ነው። የድሮ ደብዳቤ ከፍተሽ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካየሽ እሱ የፎንት ጉዳይ ነው። ፎንቱን ጫኚለት እንጂ ቋንቋውን አትንኪው።

እሑድ ለለቅሶ ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እመጣለሁ። እስከዚያ ካልሆነልሽ ይዘሽው ነይ። ለዚያ ባለሙያ ብቻ አትስጪው።