ድልድዩ የተዘጋው በእናንተ ላይ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። በኅዳር 2017 ከቤተ ክርስቲያናችን ስምንት ሆነን በሰሜን ዩጋንዳ አጁማኒ አካባቢ ወዳሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ሄደን ነበር። ሦስት ወር ጸልየንበታል። ገና ከቦሌ ስንነሣ አንድ ወንድማችን የቢጫ ወባ ካርዱን ስላልያዘ ቀረ፤ ካርዱ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ተልኮለት በሁለተኛው ቀን ደረሰብን። ካሩማ ላይ ያለው የናይል ድልድይ ለጥገና ተዘግቶ ስለ ነበር በማሲንዲ በኩል ዞርን። እዚያ ደግሞ የተከራየነው ሚኒባስ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና መንገድ ላይ አደርን። ቀኑ ጾም የታወጀበት ነበር። በዚያ ሌሊት መኪናውን በተከራየው ወንድም ምክንያት ጠብ ተነሣ፤ እኔም ዝም አላልኩም። ከታሰበው አምስት ቀን ሁለቱን ብቻ አገለገልን። አንዱ ወንድም «ይህ ሁሉ የሰይጣን ውጊያ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጌታ አልላከንም ነበር፣ ምልክቱን ማየት ነበረብን» ይላል። ከተመለስን ወዲህ ቡድናችን አንድ ቀን እንኳ አልተሰበሰበም። አሁን ደግሞ እሁድ ምስክርነት ስጡ ተብለናል። የቱ ነው ልክ? ምን ብለንስ እንመስክር?

መልስ፦ ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ከጥያቄሽ የሚብስ አንድ ነገር አገኘሁበት፤ እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ ተርፎ መላጥያ ደሴት ላይ ጭራሮ ይለቅማል። (ሐዋርያው ራሱ ነው የሚለቅመው፤ «ልጆቹ ያምጡ» አላለም።) ጭራሮውን እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት ወጥታ እጁ ላይ ተጣበቀች። የደሴቲቱ ሰዎች ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባቸውም፦ ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ከባሕር ቢያመልጥም ፍርዱ ተከትሎት መጣ አሉ። ያብጣል፣ ይወድቃል ብለው ቢጠብቁ ምንም አልሆነም። ጥቂት ቆይተው ደግሞ አምላክ ነው አሉ። በአንዲት እፉኝት ሁለት ፍርድ ሰጡ፤ ሁለቱም ስሕተት። ሉቃስ ግን ነገሩን በአጭሩ ጽፎታል፤ እፉኝቷ የወጣችው ከሙቀት የተነሣ ነው።

የእናንተም ሁለቱ ወንድሞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንድ ፍሪሲዮን ተቃጠለ፤ አንዱ የጦርነት ዜና አነበበበት፣ ሌላው የእግዚአብሔርን የእምቢታ ደብዳቤ።

ሰይጣን መንገድ አይዘጋም እያልኩሽ አይደለም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሰይጣን ግን አዘገየን» ብሎ ጽፏል። በሐዋርያት ሥራ 16 ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሲሞክሩ የከለከላቸው የኢየሱስ መንፈስ ነው። ወደ ሮሜ ሳይሄድ ብዙ ጊዜ የቆየው ደግሞ ከኢየሩሳሌም ጀምሮ እስከ እልዋሪቆን ድረስ ሥራ ይዞት ስለ ነበር እንደ ሆነ ራሱ በሮሜ 15 ይናገራል። ሰውዬው አንድ፣ የዘገየበት ምክንያት ሦስት። አራተኛው የመርከቡ ታሪክ ነው፤ ምዕራፍ 27ን አንብቢው። የጾሙ ወቅት አልፎ፣ ባሕሩ ለመርከብ አስጊ በሆነበት ጊዜ የተነሡት የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ስለ ሰማ ነው። ሉቃስ እዚያ ላይ ሰይጣንን ሲከስ አታገኚውም። ውሳኔው የሰው ነበር፤ ነፋሱም የወራቱ ነፋስ።

ቢጫ ካርዱ ከዚህ ከአራተኛው ወገን ነው፤ ሰይጣን አልደበቀውም። ሐዋሳ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዩጋንዳ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ እንደምትጠይቅ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ክትባቱም ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው ካርዱ አይጸናም። የመጨረሻው ሳምንት ጸሎት ይህንን አይተካም። ለሚቀጥለው ቡድን አንድ ሰው ተመድቦ ከሁለት ሳምንት በፊት የሁሉንም ካርድና ፓስፖርት በእጁ ይዞ ይመልከት። «ይዣለሁ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ አሳዩኝ በሉ። ይህ የእምነት ማነስ የሚመስለው ሰው ካለ ነህምያን ያንብብ፤ ነህምያ ጸልዮ ሲያበቃ ከንጉሡ የማለፊያ ደብዳቤ ነው የለመነው።

ድልድዩም ቢሆን የተዘጋው በእናንተ ላይ አልነበረም። ሦስት ወር ያህል ለጥገና ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሙዝ የጫነውም፣ ቀብር የሚደርሰውም፣ ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስደውም ዞሮ ነው የሄደው። ለእናንተ ብቻ የመጣ መልእክት አድርጋችሁ ስታነቡት እነዚያን ሁሉ ከመንገዱ ላይ ታጠፏቸዋላችሁ።

በዚህ ነገር የምስቅባችሁ እንዳይመስልሽ፤ የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የማርሳቢት መንገድ አስፋልት ሳያይ፣ ከሞያሌ ተነሥተን ወደ ኬንያ ለአገልግሎት ስንሄድ መኪናችን ጭስ እየተፋ ቆመ። እኔ ወርጄ ኮፈኑ ላይ እጄን ጭኜ በታላቅ ድምፅ መገሠጽ ጀመርኩ። ኮፈኑ ደግሞ እሳት ሆኗል፤ እጄን አነሣለሁ፣ እጭናለሁ። ሾፌሩ ታግሦ ታግሦ «ጋሼ፣ እሱ ይቆይዎትና ያቺን ጀሪካን ያቀብሉኝ» አለኝ። ራዲያተሩ ደርቆ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ውኃውን እንዳይ የተነገረኝ ደግሞ እኔ ነኝ። ሰይጣንን የምገሥጸው ጥፋቴ እንዳይታወቅብኝ መሆኑ የገባኝ ጀሪካኗን ይዤ ስቆም ነው።

አሁን «ጌታ አልላከንም ነበር» ወደሚለው ልምጣ። እንቅፋት የመላክ ወይም ያለመላክ ማስረጃ አይሆንም። ጳውሎስ ሮሜ እንደሚደርስ ጌታ ራሱ ነግሮታል፤ መርከቡ ግን ተሰበረ። ከአገራችን ታሪክ ኦኔሲሞስ ነሲብን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1881 ወንጌል ይዞ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ከጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ተነሣ። ሱዳን ውስጥ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ እስከ ሆነችው ፋማካ ድረስ ከደረሱ በኋላ ማለፍ አልቻሉም፤ ታመው፣ ተጎሳቁለው ተመለሱ። ኦኔሲሞስ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ተቀመጠና እጁን ወደ ትርጉም አደረገ። ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ያ ጉዞ ከከሸፈ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ። የእናንተ ያ ወንድም በ1882 ላይ ቆሞ ኦኔሲሞስን «ጌታ አልላከህም» ቢለው ኖሮ ምን ያህል በተሳሳተ ነበር! ይህን ያነሣሁት የእናንተም ፍሪሲዮን አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ይወልዳል ለማለት አይደለም። ላይወልድ ይችላል። ብዙ የተበላሸ ጉዞ እንደ ተበላሸ ይቀራል፤ ከሱ ውስጥ የግድ አንድ ተአምር ፈልቅቀን ማውጣት የለብንም።

ቆይቼ አመጣዋለሁ ያልኩሽ ነገር ይኸው። በደብዳቤሽ መካከል «እኔም ዝም አላልኩም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ካርዱን ከየት እንደ መጣ ጽፈሻል፣ የዞራችሁበትን ከተማ ስም ጽፈሻል፣ የተቃጠለውን ዕቃ ጽፈሻል። ምን እንዳልሽ ግን አልጻፍሽም።

እኔ አላውቀውም፤ መገመት ግን አያቅተኝም። ስምንት ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ ጨለማ፣ ትንኝ፣ የማይታወቅ አገር። አንዱ መኪናውን በርካሽ ተከራይቷል። የተከራየውም የቤተ ክርስቲያኒቱን ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። አንዱ «ለሳንቲም ብለህ» ይለዋል፤ ሌላው ይጨምርበታል፤ ከዚያ ያልታሰበው ቃል ይወጣል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ለመሪያችሁ ንገሪልኝ፦ ረጅም መንገድ በሚኬድበት ቀን ጾም አይታወጅ። ጾም ከመነሣታችሁ በፊት ይሁን፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ይሁን። ያ የጳውሎስ መርከብ በማዕበል ሲናጥ 276 ሰው ተጭኖበት ነበር፤ አሥራ አራት ቀን ሳይበሉ ቆይተዋል። ጳውሎስ ያን ማለዳ ስብከት አላበዛም፤ ብሉ አላቸው። እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆርሶም ራሱ መብላት ጀመረ፤ ሁሉም ተጽናንተው በሉ። በሻንጣችሁ ውስጥ በሶና ዳቦ ቆሎ እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ለማን እንደ ተቀመጠ እንጃ።

ድልድዩና ካርዱ አገልግሎታችሁን ሦስት ቀን ወስደውበታል። ያ ሌሊት ግን እስከ ዛሬ እየወሰደ ነው፤ ቡድኑ አልተሰበሰበም ብለሻልና። ስለዚህ የሰይጣንን ሥራ ካልፈለግሽ አይቀር ከማሲንዲ መንገድ ይልቅ እዚህ ፈልጊው። በኤፌሶን 4 ጳውሎስ ለዲያብሎስ ፈንታ አትስጡት የሚለው በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ካለ በኋላ ነው። በእናንተ ቁጣ ላይ ስንት ፀሐይ ገባ?

በቡድን መጣላት አዲስ ነገር አይደለም፤ ተስፋ አትቁረጪ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል፤ ማርቆስ ቀድሞ ከጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበርና። ሉቃስ ይህን አልሸፋፈነውም። ጳውሎስም በመጨረሻው መልእክቱ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። በመካከሉ ማን ማንን ይቅርታ እንደ ጠየቀ አልተጻፈም፤ እኔን ግን አንድ ሰው ቀድሞ ያልሄደ አይመስለኝም። አንቺ ቅደሚ። «ከበደልኩህ ይቅርታ» አትበዪው፤ «ከ» የምትለዋን ፊደል አውጪና ያልሽውን ቃል ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂው። ከዚያ ስምንታችሁም አንዳችሁ ቤት ቡና ጠጡ። ሰብሳቢ፣ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም። አሁን አሁን ቡድን ለማቀራረብ ተብሎ በአዳራሽ ውስጥ ገመድ የሚያስጎትቱ፣ ፊኛ የሚያስነፉ አሠልጣኞች መጥተዋል፤ ክፋት የለውም፣ ልጆቹም ይስቃሉ። ግን አንድ ሌሊት በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ያደረ ሰው ስለ ጓደኛው የሚያውቀውን ያህል ከፊኛ አይገኝም። እናንተ ያንን ሌሊት ከፍላችሁበታል፤ ለምን በከንቱ ትጥሉታላችሁ?

ስለ ሁለቱ ቀናት ደግሞ «ብቻ» የምትለው ቃል ቅር አሰኝታኛለች። የሄዳችሁት መንገድ ምን እንደ ሆነ ከሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው። ከእነዚያ ስደተኞች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲፈነዳ ልጅ አዝለው፣ በእግር ጭምር ድንበር የተሻገሩ ናቸው። ሦስት ቀን መዘግየታችሁ እነሱን አያስደነግጣቸውም። ምናልባት ከእናንተ ትምህርት ይልቅ አቧራ ለብሳችሁ፣ እንቅልፍ አጥታችሁ መድረሳችሁን ያስታውሱ ይሆናል። ምን አብልተው ተቀበሏችሁ? ይህንም አልጻፍሽልኝም። መላጥያ ላይ ሉቃስ የመጀመሪያ አድርጎ የጻፈው ጳውሎስ ስላስተማረው ትምህርት አይደለም፤ ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው እንደ ተቀበሏቸው ነው።

እሁድን በተመለከተ፦ «ጉዞው ፍጹም ድል ነበር» ብላችሁ አትመስክሩ፤ ውሸት ነው፣ መድረክ ላይ ሲባል ደግሞ ይብሳል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በእስያ የደረሰበትን መከራ ሲነግራቸው በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እንደ ቆረጠ አልደበቀም። የጠቡን ዝርዝር ግን ለጉባኤ አታውጡት፤ እሱ የስምንታችሁ ነው፣ በቡናው ላይ ይለቅ። ካርዱን፣ ድልድዩን፣ ያደራችሁበትን ሌሊት፣ የሁለቱን ቀን አገልግሎት፣ የተቀበሏችሁን ሰዎች ንገሩ። ምን እንዳጠፋችሁ ለሚቀጥለው ቡድን ንገሩ። በርካሽ መኪና የተከራየው ወንድም ምን ያህል ብር እንዳተረፈ አንድ ሰው ጠቅሶ ያመስግነው፤ ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ስምንታችሁም አብራችሁ ውጡ። ያ የሐዋሳው ወንድም ቢጫ ካርዱን በእጁ ይዞ ይምጣና ለጉባኤው ከፍ አድርጎ ያሳይ፤ ምእመናኑ ትንሽ ይሳቁ።