ከአርክስዋት ወደ ስዋት ፕላስ ስለ መሸጋገር፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ የምመልሰው የስዋት 2012 የተፋሰስ ሞዴላቸውን ወደ ስዋት ፕላስ ለሚያሸጋግሩ ነው። ስዋት በተፋሰስ ላይ የዘነበው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው፤ ስዋት ፕላስ አዲሱ ስሪቱ ነው። የስዋት 2012 ፕሮጀክት የሚዘጋጅበት አርክስዋት የሚሠራው አርክማፕ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ የአርክማፕ ድጋፍ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2026 ተብሎ ስለተቆረጠ ጉዳዩ ብዙዎቻችንን ይመለከታል። በቅድሚያ ሁለት ማሳሰቢያ፦ የድሮውን ፕሮጀክት ሙሉ ፎልደር ሳትነኩት ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ በካሊብሬሽን (ሞዴሉን ከተለካው ፍሰት ጋር በማስማማት) ያገኛችሁትን ቁጥር እንዳለ ወደ አዲሱ አትውሰዱ። አሁን ጠይቁ።

ጉማራ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የአርክስዋት ፕሮጀክቴን የሚያሸጋግር መሣሪያ አለ ወይስ ከከፍታ ካርታው እንደገና ልጀምር?

መላሽ፦ አለ። ማሸጋገሪያው ሦስት መንገድ ይሰጥሃል። አንደኛው ካርታዎችህንና ሰንጠረዦችህን ወስዶ የተፋሰሱን ክፍፍል በስዋት ፕላስ የካርታ መሥሪያ፣ በኪውስዋት ፕላስ፣ እንደገና ያሠራሃል። ሁለተኛው የድሮውን ክፍፍልና የድሮዎቹን ኤችአርዩዎች (በአፈር፣ በመሬት አጠቃቀምና በተዳፋት የሚመሳሰሉ የመሬት ክፍሎች) እንዳሉ ይይዛል። ሦስተኛው ካርታውን ትቶ በኤዲተሩ (በስዋት ፕላስ የመረጃ ማስገቢያ) ብቻ እንድትሠራ ያደርግሃል። ካርታዎቹ በእጅህ ካሉ አንደኛውን ምረጥ። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አዲሱን ሶፍትዌር በድሮው አጥንት ላይ ነው የምታስኬደው፤ ስዋት ፕላስን ስዋት ፕላስ ያሰኘው ነገር ያመልጥሃል።

ባሮ፦ ሠርቼው ነበር፤ ስህተት ይላል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የትኛው ደረጃ ላይ? የስህተቱ ጽሑፍ ምን ይላል? ያለዚያ መመለስ አልችልም። የፎልደሩ ስም በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት መሆኑንም ተመልከት። በአማርኛ የተጻፈ የፎልደር ስም ብዙ ሰው አስቸግሯል።

ርብ፦ መምህር፣ በስዋት 2012 የካሊብሬሽን ሶፍትዌር፣ በስዋት ካፕ፣ ካሊብሬት ያደረግኩት ፕሮጀክት አለኝ። የመጨረሻዎቹን ምርጥ ቁጥሮች በአዲሱ ካሊብሬሽን ፋይል ውስጥ ባስገባቸው ጊዜ አልቆጥብም?

መላሽ፦ አትቆጥቢም። መነሻ ግምት አድርጊያቸው፤ ከዚያ በላይ አትተማመኚባቸው። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ፣ ከጥያቄዎቹ ግማሽ የሚሆነው እዚህ ነው የሚወድቀው።

መጀመሪያ የአጻጻፉ ጉዳይ። በስዋት ካፕ ኩርቭ ነምበርን (ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የሚገመትበትን ቁጥር) በአንጻራዊ ለውጥ 0.1 ብለሽ ከጻፍሽ በ10 ከመቶ ጨምር ማለት ነው። በስዋት ፕላስ የመቶኛ ለውጥ በመቶኛ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ 10 ብለሽ ትጽፊያለሽ። 0.1 ብለሽ ካስገባሽው ምንም አልለወጥሽም ማለት ይቻላል፤ ሞዴሉ ግን አያስጠነቅቅሽም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ የከርሰ ምድር ውሃው። በስዋት 2012 ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ለእያንዳንዱ ኤችአርዩ የተሰጠ ነበር፤ ከእርሱ ወደ ወንዝ ውሃ መውጣት የሚጀምርበት ወሰንም በሚሊሜትር ይጻፍ ነበር። በስዋት ፕላስ የከርሰ ምድር ውሃ ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ወሰኑም በሜትር ነው። የድሮውን 1000 ገልብጠሽ ካስገባሽ የበጋው ፍሰት ይዛባል፤ ከዚያ ጥፋቱን በዝናቡ መረጃ ላይ ታሳብቢያለሽ። ውሃው ከአፈሩ ወርዶ ከርሰ ምድር እስኪደርስ ያለው የጊዜ መዘግየት መለኪያም በአዲሱ የከርሰ ምድር ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። የሌለ ነገር አይሸጋገርም።

የተገኘው ቁጥር የተፋሰሱ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ የተገኘበት የሞዴል አወቃቀርም ነው። አወቃቀሩ ሲለወጥ ካሊብሬሽኑም እንደገና ይሠራል።

አዋሽ፦ መምህር፣ በድሮው ናሽ ሰትክሊፍ (ሞዴሉ ከተለካው ፍሰት ጋር የሚስማማበት መለኪያ፤ 1 ፍጹም ነው) 0.78 ነበር፤ ካሸጋገርኩ በኋላ 0.41 ሆነ። ሶፍትዌሩ ችግር አለበት?

መላሽ፦ ለርብ የሰጠሁትን መልስ አንብብ። ካሊብሬት ያልተደረገ ሞዴል ካሊብሬት ከተደረገ ጋር አይወዳደርም። በመጀመሪያ የአማካይ ዓመታዊ የውሃ ሚዛኑን አውጣ፤ ዝናቡ፣ ትነቱና ፍሰቱ በሁለቱ ስሪቶች ይቀራረባሉ? ዝናቡ ራሱ ከተለያየ ችግሩ ከአየር ንብረት መረጃው ነው።

ደጀን፦ ይቅርታ መምህር፣ በመካከል ልግባ። ስሪት መለወጡ ምን ይፈይዳል? ኩርቭ ነምበር ለአሜሪካ እርሻ የተሠራ ሰንጠረዥ ነው። በአንጀኒም ሆነ በማይባር የምርምር ጣቢያ እንደታየው በእኛ ደጋ ጎርፍ የሚነሣው በአብዛኛው ከጠገበው የታችኛው መሬትና አፈሩ ከሳሳበት ቦታ ነው።

ጉማራ፦ ግን በጣና ዙሪያ በኩርቭ ነምበር የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ከተለካው ፍሰት ጋር በደንብ ተስማምተዋል እኮ።

ደጀን፦ በተፋሰሱ መውጫ ላይ መስማማቱ ውሃው ከየት እንደመጣ አይነግርህም ወንድሜ። ለእርከን ሥራ ቦታ ስትመርጥበት ነው ስህተቱ የሚወጣው።

ጉማራ፦ ታዲያ በመውጫው ካልሆነ በምን ይረጋገጥ? ያለን የአንድ ጣቢያ የቀን ፍሰት ነው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ቆዩ፤ ይህ የምወደው ጉዳይ ስለሆነ እኔው ልመልስ። ደጀን ስለ መሬቱ ያልከው ትክክል ነው። ሰኔ ላይ የዘነበና ነሐሴ ላይ የዘነበ እኩል ዝናብ በደጋው እኩል ጎርፍ እንደማይሰጥ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎቹ የመዘገቡት መረጃ ያሳያል። መሬቱ እየጠገበ ሲሄድ ፍሰቱ ይጨምራል።

«ስሪት መለወጡ ምን ይፈይዳል» ባልከው ግን አልስማማም። በስዋት 2012 አንድ ኤችአርዩ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይገባል፤ የላይኛው ለታችኛው ውሃ አይሰጥም። ስዋት ፕላስ ንዑስ ተፋሰሱን በተዳፋትና በረባዳ ሜዳ ይከፍለዋል። ከተዳፋቱ የወረደው ውሃ ምን ያህሉ ረባዳውን አልፎ እንዲሄድ አንተ ትወስናለህ። ኩርቭ ነምበሩ አሁንም አለ፤ ነገር ግን የመያዝ አቅሙ በአፈሩ እርጥበት ስለሚወሰን፣ ከላይ ውሃ የሚቀበለው ረባዳ ቀድሞ ይጠግባል፣ ጎርፉንም እርሱ ያመነጫል። የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ለዚህ ነው ሁለተኛውን የማሸጋገሪያ መንገድ የማልመክረው።

ጉማራ፣ ለጥያቄህ ደግሞ፦ ክረምቱን በወር ከፍለህ የሰኔንና የነሐሴን የፍሰት ድርሻ ለየብቻ አወዳድር። አንድ ጣቢያም ቢሆን ይህን ይነግርሃል።

ጊቤ፦ ሌላውን የተፋሰስ ሞዴል፣ ኤችኢሲ ኤችኤምኤስን፣ ከድሮው ወደ አዲሱ ስሪት እንዴት ላሸጋግር?

መላሽ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ በአዲሱ ስሪት የተከፈተ ፕሮጀክት ወደ ድሮው አይመለስምና ቅጂ ያዝ።

መገጭ፦ ራሴ የጨመርኩት የጤፍ ረድፍና የአፈር ሰንጠረዥ አብረው ይሄዳሉ?

መላሽ፦ ይሄዳሉ ብለህ አትተማመን። አፈሩን ከድሮው የአክሰስ ዳታቤዝ በሲኤስቪ ፋይል አውጥተህ ወደ አዲሱ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ አስገባ። ጤፉን በተክሎች ሰንጠረዥ፣ ከዚያ በተክል ስብስቡ፣ ከዚያ በመሬት አጠቃቀሙ አያይዘው።

ጣና፦ እኔ የምሠራው መላውን የጣናን ተፋሰስ ነው። ሐይቁን በአርክስዋት እንደ ግድብ ነበር ያስገባሁት። አሁንስ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በኪውስዋት ፕላስ የሐይቁን ቅርጽ ራሱን በካርታ ታስገቢያለሽ። ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተፋሰስ ውስጥ 3,000 ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ በላዩ የሚዘንበውና ከላዩ የሚተነው ቀላል አይደለም። ዋናው ግን መውጫው ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጨረጨራ ግድብ አማካይነት ፍሰቱ በሰው ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። አንድ የመልቀቂያ ደንብ ለሁሉም ዘመን ከሰጠሽ ስህተት ነው። የስዋት ፕላስ የውሳኔ ሰንጠረዥ «የውሃው መጠን ይህን ሲያልፍ ይህን ያህል ልቀቅ» ብለሽ እንድትጽፊ ይፈቅድልሻል። ሦስቱን ዘመን ለያይተሽ ሥሪ፤ ካሊብሬሽኑን ከ1996 በፊት ባለው ብትጀምሪ የተፈጥሮውን ፍሰት ታገኚያለሽ።

አዋሽ፦ የተለካውን ፍሰት ከየትኛው ንዑስ ተፋሰስ ቁጥር ጋር ላወዳድር? የድሮው ቁጥር 14 ነበር።

መላሽ፦ የድሮውን ቁጥር እርሳው። አሁን የምታወዳድረው ከወንዝ ክፍል ቁጥር ጋር ነው፤ በአንድ ንዑስ ተፋሰስ ውስጥም ብዙ የወንዝ ክፍል ሊኖር ይችላል። ጣቢያው ያለበትን ክፍል በካርታው ላይ ፈልገህ አንብብ። የቀን ውጤት እንዲወጣም በሕትመት ፋይሉ ላይ ምረጥ።

ባሮ፦ መምህር፣ የድሮውን ካሊብሬሽን ብጠቀምስ?

መላሽ፦ ባሮ፣ ይህ ከላይ ተመልሷል። የስህተቱን ጽሑፍም እስካሁን አላመጣህም።

ርብ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። የማስተርስ ጽሑፌን ለማስገባት ሁለት ወር ቀርቶኛል። ልሸጋገር?

መላሽ፦ አትሸጋገሪ። የስዋት 2012 ሞዴል ራሱ የሚያነበው የጽሑፍ ፋይሎችን ነው፤ ፋይሎቹ አንዴ ከተዘጋጁ አርክማፕ ሳይኖርም ይሄዳል። ባለሽበት ጨርሺ፤ በጽሑፍሽ ውስጥ የተጠቀምሽበትን የሞዴሉን ስሪት ቁጥር በትክክል ጻፊ።