ሐይቅንና ባቲን በሁለት ቀን

ጥያቄ፦ እናቴና ሁለት ወንድሞቼ ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ይገባሉ፤ ማክሰኞ ይመለሳሉ። ሐይቅንና ባቲን ላሳያቸው አስቤያለሁ። መኪና የለንም። የቱን እናስቀድም?

መልስ፦ ቀኑን የሚወስንልዎ ባቲ ነው። ትልቁ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ስለሆነ እሑድን ለሐይቅ ያድርጉት።

እሑድ ደሴ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታችሁ፣ እዚያ መኪና ቀይራችሁ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ እናትዎን መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ ፊት ወንበር ይያዙላቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ጋቢ አይርሱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። ይህን ሳያውቁ ሄደው ደጅ ላይ የሚያዝኑ እናቶች ብዙ ናቸውና አስቀድመው ይንገሯቸው። ወንድሞችዎ ገዳሙን ሲሳለሙ እርስዎ ወይም ሌላ ሰው ከእናትዎ ጋር ሐይቁ ዳር ይቆዩ፤ ዓሣውም እዚያው አለ።

ሰኞ በጠዋት ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ተነሡ፤ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ ገበሬው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል፤ ገበያውን ያቆመው ይህ መገናኘት ነው። መጀመሪያ የከብት ተራውን እዩ፤ ፀሐይ ስትከር አቧራው አያስቆምም። ግመል የፊት እግሯ በገመድ ቢታሰርም በኋላዋ በኩል አትጠጉ፣ ትራገጣለች። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ግድ ነው፤ በተለይ የአፋር ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ጠብ ያመጣል። ውኃና ባርኔጣ ያዙ። ገበያተኛው ሲበተን መኪናው ስለሚሞላ ከ8 ሰዓት በፊት ለመመለስ ተሰለፉ።

በሁለቱም ቀን ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ብቻ አለኝ። ምን ልይ?

መልስ፦ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ይዩ፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ይለፉ። ጉልበት ካለዎት የጦሳ ተራራ ይሻላል፤ ከተማዋን እንዳለች ከላይ ያዩዋታል። በክረምት ግን ጭጋጉ ይሸፍነዋልና ሰማዩን ሳያዩ አይውጡ።